በስልክ የተለካ ቀሚስ

ሰፈሩ እትዬ ልክ ይላቸዋል። አንድም ሥራቸው ልክ መውሰድ ስለሆነ፣ አንድም አጉል የሚናገራቸውን ሁሉ ልክ ልኩን ስለሚነግሩት ነው። ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለች አንዲት ክፍል በእግር የሚረገጥ መኪናቸው ላይ ሲሰፉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ከተማው ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላበት ነው። በዓመት አንድ ቀን ሁሉም የየወገኑን የበዓል ልብስ ለብሶ በዋናው መንገድ ያልፋል። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ወራት እትዬ ልክ ከመኪናው ቀና የማይሉባቸው ናቸው። የትኛው ሕዝብ ቀይ እንደማይለብስ፣ የትኛው ጠርዙን ሳይቀመቅም እንደሚተው እጃቸው ያውቀዋል።

አንድ ዓመት፣ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በሆስፒታል ምግብ አብሳይ የሆነ ሰው የስምንት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ሚስቱን ከቀበረ ሁለት ዓመቱ ነው። በከተማው ከሱና ከልጁ በቀር የወገናቸው ሰው የለም። ልጅቷ እንደ ትምህርት ቤት ጓደኞቿ የእናቷን ዓይነት ልብስ ለብሳ መሰለፍ አምሯታል። ፎቶ እንዳለው ጠየቁት፤ ፎቶውም ልብሱም ሁሉ ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል።

ስለዚህ በቃሉ ነገራቸው፦ እጅጌው ሰፊ፣ ወገቡ የታጠፈ፣ ታቹ ሰማያዊ። ሰፉለት። አይቶ፣ አይደለም አለ። ፈትተው ደግመው ሰፉ። አሁንም አይደለም። በሦስተኛው፣ እጅጌውን አጥብቡት ሲላቸው መቀሱን አስቀመጡ።

«ወንድሜ፣ ባለፈው ሰፊ ነው ብለኸኝ ነበር።»

ሰውየው ልጁን ዳቦ እንድትገዛ ላካት። ከወጣች በኋላ ነው አፉን የከፈተው።

«እትዬ፣ አላስታውሰውም። በየበዓሉ ስትለብሰው አይቻታለሁ። አሁን ሳስብ ፊቷ ይመጣል፣ ልብሱ አይመጣም።»

እትዬ ልክም ባላቸውን ቀብረዋል። ድምፁ ከጆሯቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም፣ ለሰውየውም አልነገሩትም። ልብሱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እንዳለ ብቻ ጠየቁት። አለች፤ አገር ቤት የቀረችው የሚስቱ ታላቅ እህት። ግን በቀብሩ ሰሞን በስልክ፣ «እህቴን ሰው አገር ወስደህ ገደልክብኝ» ካለችው ወዲህ አልተነጋገሩም።

«ደውልላት» አሉት። «እዚሁ፣ እኔ ፊት።»

«ብትዘጋብኝስ?»

«ከዘጋች ዘጋች። ያኔ እንደ ገመትኩት እሰፋዋለሁ።»

ደወለ። በቋንቋው ቀስ እያለ አስረዳ። ከዚያ ሴትየዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ሰውየው ወደ እትዬ ልክ ዞረ።

«የልጅቷ ትከሻ የማንን ይመስላል፣ ትላለች» አላቸው። የእናቷን ነው ብሎ ሲነግራት ማዶ ለቅሶ ተሰማ።

ሲበርድላት ልኩን በስንዝር ትነግረው ጀመር፤ እሱ ይተረጉማል፣ እትዬ ልክ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ።

«ቆይ እስቲ፣» አሉ በመሃል፣ «በማን ስንዝር ነው? የኔ እጅ የአካፋ ያህል ነው በላት።» ተረጎመላት። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

በበዓሉ ቀን ልጅቷ ብቻዋን አለፈች። ከፊቷ አርባ ሰው ከበሮ ይመታል፣ ከኋላዋም ሌላ ረጅም ሰልፍ ይከተላል፤ መካከል ላይ እሷ፣ የወገኗን ስም የጻፈችበትን ካርቶን ይዛ። ዳር ከቆሙት አንዱ፣ ሌሎቹስ የት አሉ ብሎ ጠየቀ። «እሷው ናት» አሉት እትዬ ልክ። ጠያቂው ባርኔጣውን አወለቀ።

አባቷ የሰልፉን ፎቶ ለአክስቷ ላከ። ማታ መልስ መጣ፦ የቀሚሱ አንገት ተበላሽቷል፤ አቋቋሟ ግን ቁርጥ እናቷን ነው። እትዬ ልክ ሲነገራቸው፣ አንገቱን መቼ ነገረችኝና ብለው ተቀየሙ።

በዓመቱ አክስትየው መጣች። መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ውሰደኝ አለችው፤ ወሰዳት። እዚያ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ ልብስ መስፊያዋ ክፍል ገባች፣ ወንበር ስባ ከእትዬ ልክ ጎን ተቀመጠች፣ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ አንገቱን መፍታት ጀመረች።