የእማዬ ክር

ትናንት እንጅባራ፣ እማዬ ቤት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀርቀሃ ማኅደር አውርጄ ክዳኑን ስከፍተው ጭስ ጭስ ሸተተኝ። የልጅነታችን የጤና ጣቢያ ካርዶች ዛሬም ተጠቅልለው እዚያው አሉ።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የእያንዳንዳችንን ካርድ በተለያየ ቀለም ክር ታስር ነበር፤ የወንድሜን በቀይ፣ የእህቴን በአረንጓዴ፣ የእኔን በቢጫ። ቀጠሮውን የምታስታውሰው ደግሞ በበዓል ቆጥራ ነው። አባቴን «የቢጫዋ ከጊዮርጊስ ማግስት ነው፤ ፈረሱን እንዳታርቀው» ትለዋለች። ተሳስታ አታውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ወገቧን በመቀነት ጠፍራ፣ እያቃሰተች ካርዶቹን ስትጠቀልል አየኋትና «የአንቺ ክር የቱ ነው?» አልኳት።

«እኔም ከታመምኩ ማን ይዟችሁ ይሄዳል?» አለችና ማኅደሩን መልሳ ሰቀለችው። እናት አትታመምም ማለቷ መሰለኝ፤ አምኜ ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ።

አሁን የደም ግፊት ክትትል ጀምራለች። አዲሱን ካርዷን ጠቅልዬ፣ ከነጠላዬ ጫፍ በመዘዝኩት ነጭ ክር አሰርኩትና ከእኛዎቹ ጋር ከተትኩት።

«ቀጠሮው ከሚካኤል ማግስት ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«የማንኛችሁ?» አለች።