ለእንደራሴው ያዋስኩት ቤት

አንድ አስተማሪ ፓርላማ ለማስገባት ያወጣሁት ይህ ነው፦ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት ፍየልና ለሠርጌ የገዛሁት ከረባት።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ የጥጥ እርሻው ከመልካ ወረር ወዲህና ወዲያ የአዋሽን ወንዝ ይዞ በሚሰፋበት ዘመን ነው። ዛሬ ሕንፃ የተደረደረበት ሰመራ ያኔ ድንጋይና ፀሐይ ብቻ ነበር፤ ፀሐይዋ እንኳ አልተለወጠችም። እኔ አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሱቅ ነበረኝ። ስኳር፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፣ ለእርሻው ሠራተኞች ደግሞ የጎማ ጫማ እሸጣለሁ። የተማርኩትም እዚያው መደርደሪያ ጀርባ ነው፤ ሰርተፊኬት የሰጠኝ የለም።

ሰውየው የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነበር። ዳይሬክተር ማለት ሦስት ክፍል ያስተምራል፣ በተረፈው ጊዜ ደወል ይመታል። ደወሉ ግራር ላይ የተንጠለጠለ የሃዲድ ቁራጭ ነው። አስተማሪነቱን ግን አልክድም። ሂሳብ ሲያስረዳ ከውጭ የታሰረ አህያ እንኳ ራሱን ይነቀንቃል።

ሴት ልጄ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁለት ነው፦ ወይ ድሬዳዋ ዘመድ ዘንድ መላክ፣ ወይ መዳር። እናቷ ሞታለች፤ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን። ልልካትም አልፈለግሁም፣ ልድራትም አልፈለግሁም። የፈለግሁት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እዚሁ አዋሽ።

ዳይሬክተሩ ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ሱቅ መጥቶ ለምርጫ ሊወዳደር መሆኑን ነገረኝ። ከተመረጠ ሰባተኛና ስምንተኛን ከሚኒስቴሩ ያስፈቅዳል፤ እርሻው የወሰደባቸውን የአፋሮቹን የግጦሽ መሬትም ምክር ቤት ላይ ያነሳል። ችግሩ ሕጉ ነበር። ተወዳዳሪ በሚወዳደርበት አገር ንብረት ሊኖረው ይገባል ይላል። ድሃ ስለ ድሃ ምን ያውቃል ማለታቸው ይሆናል። የዳይሬክተሩ ንብረት አንድ ብስክሌትና አንድ ሣጥን መጽሐፍ ነው።

«ጋሼ፣ ያ ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤት ወደ እኔ ስም ቢዛወርስ? ለወረቀት ያህል ነው» አለኝ።

ከጅቡቲ ነጋዴ ጋር ተከራክሬ የማልሸነፍ ሰው፣ ጠመኔ ለነካካው ኮት እጄን ሰጠሁ። ቤቱን እንደሸጥኩለት የሚል ውል በሦስት ምስክር ተፈረመ። መልሶ እንደሚሰጠኝ የሚለው ግን በቃል ቀረ። ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅህን ያስተማረልህን ሰው «ፈርምልኝ» ማለት ነውር ነውና፣ እኔም ጨዋ ሆንኩ።

ከምስክሮቹ አንዱ ፍየል የሚያመጣልኝ አፋር ሽማግሌ ወዳጄ ነበር። መፋቂያውን እያኘከ ውሉ ሲነበብ ሰማና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ግመል ብታውሰው ግመሏ ራሷ ወደ ሰፈሯ ትመለስ ነበር» አለኝ። «ቤት እግር የለውም።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ የጣት አሻራውን አኖረ።

ለቅስቀሳ ሁለት ፍየል ሰጠሁ። አንዱ ለሙስሊሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ በየራሱ ቢላዋ ታረደ፤ በዚያ ምርጫ ያየሁት እኩልነት ይኸው ነው። ዳይሬክተሩ አሸነፈ። በእኔ ከረባት አንደኛ ማዕረግ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ፤ «የተከበሩ» ሆነ።

ደወሉን የሚመታ ጠፋ። የተላከው ምትክ ከባቡር ወርዶ ሙቀቱን ቀመሰና ባቡሩ ሳይነሳ ተመልሶ ተሳፈረ። ልጄ ስድስተኛን ያለ ሂሳብ አስተማሪ ጨረሰች ማለት ነው። ጨረሰች ከተባለ።

በዓመቱ እንደራሴያችን መጣ፤ በእርሻው መኪና፣ የእርሻው እንግዳ ሆኖ። ሱቄ ደጃፍ ወንበር አወጣሁለት። አፋሩ ወዳጄ የግጦሹን ነገር ጠየቀው። በኮሚቴ እየታየ ነው አለ። እኔ ሰባተኛ ክፍልን ጠየቅሁ። እሱም በኮሚቴ እየታየ ነው፤ ያው ኮሚቴ ይሁን ሌላ አላውቅም። ከረባቴን ግን አጥፎ መለሰልኝ፤ አሁን የራሱ አለው። ደፍሬ ቤቱንም አነሳሁበት።

«ጋሼ» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «ቤቱን ብመልስልዎ ንብረት የለውም ብለው ከወንበሬ ያነሱኛል። እኔ ከተነሳሁ ደግሞ የልጅዎን ሰባተኛ ክፍል ማን ይጠይቅልዎታል?»

ማስረዳት ድሮም ያውቅበታል። እንደዚያ አህያ ራሴን ነቀነቅሁ።

አፋሩ ወዳጄ ተነስቶ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ የቤቱን ግድግዳ ሥር ያይ ጀመር። ምን ጠፋብህ አልኩት።

«እግር አብቅሎ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለ።

በመስከረም ልጄን ሦስተኛ ማዕረግ አሳፍሬ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ላክኋት። ባቡሩ ሲነሳ በመስኮት እጇን አላወዛወዘችም፤ ሣጥኗን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ሱቄ እዚያው ፊት ለፊት ሆኖ ሳለ ዞሬ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ፤ የሃዲዱ ቁራጭ መቺ አጥቶ ግራሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ቤቱ በእሱ ስም ቀረ። ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ላይ ቀረ። ልጄ ድሬዳዋ ቀረች። ከረባቱ ተመልሷል።