በዓይን የሚሰማበት ፋብሪካ

በኮሮናው ጊዜ ጆሃንስበርግ አጠገብ ዳቬይተን ያለው ሱቄ በር ላይ ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ የእጄን ጽሑፍ እስካሁን እንደ ሰው ጽሑፍ ቆሜ አየዋለሁ። ማስኮቹን መሀል ከተማ ካለው የጀፕስታውን ገበያ በጅምላ አመጣኋቸው፤ አንዲት የሞዛምቢክ ሴት ከአቡጀዲ የሰፋቻቸው፣ ውሃ ያልነካቸው ናቸው። የመጀመሪያውን አፌ ላይ ሳስር ያ ሽታ መጣ። ጥሬ ጥጥ፣ ድር እንዲጠነክር የሚቀባው የዱቄት ሙጫ፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የማሽን ዘይት። መልሷን የምትጠብቅ አንዲት ደንበኛ ከፊቴ ቆማ ነበር። ሳንቲሙን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

"ማይ ፍሬንድ፣ አመመህ እንዴ?" አለችኝ።

አላመመኝም። ለትንሽ ጊዜ ልጅ ሆኜ ነበር።

ልጅነት ሁሉ ማር ነው የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። አባቴ ሸማኔ ነበር። በእኛ ቀዬ ሸማኔ ማለት ምን ማለት እንደነበር በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያውቃል፤ እሱ የሠራውን ጋቢ ለብሰው ሠርግ ይሄዳሉ፣ እሱን ግን ከበር መልስ ያስቀምጡታል። እኔም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። እኩዮቼ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ከአባቴ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብዬ በቀሰም ላይ ማግ አጠነጥን ነበር። አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረ፣ "ሸማኔን እጁ እንጂ አፉ አያበላውም" ይለኝ ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት ብዙ አይወራም።

ታላቅ እህቴ ዘነበች ሐይቅ ዳር ወዳለች ከተማ ሄዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባችው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። በሁለተኛው ዓመት ለመስቀል ስትመጣ ሌላ ሰው ሆና መጣች። ትጮኻለች። ከአጠገቧ የተቀመጠችውን እናቴን ጨው አቀብይኝ ስትል ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የምትጣራ ይመስላል። እሱስ ይሁን። የባሰው ዓይኗ ነበር። በእኛ ቤት ሴት ልጅ አባቷ ሲናገር መሬት መሬት ታያለች። ዘነበች ግን አባቴ አፉን ከከፈተበት እስኪዘጋው ከንፈሩ ላይ አፍጥጣ ትቀራለች። ሽማግሌ ሲመርቅ ከንፈሩን፣ የጎረቤት ጎረምሳ ሰላም ሲላት ከንፈሩን። መንደሩ ማንሾካሾክ ጀመረ። አባቴም ከተማው ልጄን ዓይን አውጣ አድርጎ ላከልኝ ብሎ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል።

ዘነበች ወደ ሥራዋ በተመለሰች ሰሞን ሚስቱ የሞተችበት አንድ ገበሬ ሽማግሌ ላከ። ጥማድ በሬ ያለው፣ ጢሙ እንደ ቁጥቋጦ የበቀለ ሰውዬ ነው፤ ከሸማኔ ወገንም አይደለም። የሸማኔን ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ጠየቀ ማለት ለአባቴ ከበር መልስ ተነሥቶ ምሰሶው አጠገብ መቀመጥ ማለት ነበር። ልጅቷን አምጥቼ እሰጣለሁ ብሎ ሽማግሌዎቹን ሸኘ።

ፋብሪካው በዓመት አንድ ቀን ለሠራተኛ ቤተሰብ በሩን ይከፍት ነበር። አባቴ፣ እናቴና እኔ በጠዋት ተነሣን። አባቴ ጠቅልሎ በብብቱ የያዘው ገመድ ነበር። ለምንህ ነው ብለው እርምጃውን አፈጠነ። እናቴ ናት የነገረችኝ፤ የእህትህ ፍራሽና ሳጥን ይታሰርበታል፣ ይዘናት እንመለሳለን አለች።

እኔ ስለ ፍራሹ ምን አገባኝ። እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። መኪና የሚሸምነው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ነው ወይስ ቆሞ? እግሩስ የት ነው? ማግ የሚያጠነጥንለት ማነው፣ እንደ እኔ ያለ ልጅ አለው? አውቶቡሱ ውስጥ አባቴን ይህን ሁሉ ጠየቅሁት። ሲሰለቸው፣ ስትደርስ በዓይንህ ታየዋለህ አለኝ።

ፋብሪካው ጣሊያን የተከለው ነው ይባል ነበር። ግንቡ ጠቁሯል፣ ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ በየጥርሱ መስኮት አለው። በሩ ላይ ትልልቅ ቀይ ፊደሎች ነበሩ። ምን እንደሚሉ ያን ጊዜ የሚያነብልኝ ሰው አልጠየቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ከሚያበሳጩኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ስንቱን ግድግዳ ሳላነበው አለፍኩ።

መጀመሪያ ያስገቡን ጥጥ የሚነደፍበት ክፍል ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በደጋን ስትነድፈው የኖረችው ጥጥ እዚያ ከብረት ውስጥ እንደ ጉም ይወጣል። በሚቀጥለው ክፍል እንዝርቶች ተሰልፈው ለብቻቸው ይሾራሉ። እናቴ የራሷን ዳሌ ነካ አደረገች፤ እንዝርት ስታሾር የምትመታበትን ቦታ። ማነው የሚያሾራቸው ብላ ጠየቀች። መብራት ነው አሏት። "መብራቱስ አይደክመውም?" አለች። አስጎብኚው ሳቀ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

ከዚያ የሽመናው አዳራሽ ተከፈተ። ድምፁ በጆሮ አይደለም የገባው፤ በእግሬ ሥር ገብቶ ጥርሴ ላይ ወጣ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ተናገረ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የአባቴን ድምፅ የሚነጥቅ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። መኪናው ቆሞ ነው የሚሸምነው። ጉድጓድ የለውም። መወርወሪያው የሚይዘው እጅ ሳይኖር ከጫፍ ጫፍ ይበራል። ማግ የሚያጠነጥን ልጅ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ እሱንም መኪና ነው የሚሠራው። ሥራዬን የቀሙኝ ይመስል ተቀየምኩ።

ዘነበች ነጭ ሻሽ አስራ መኪኖቿ መሀል ቆማለች፤ ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ራቅ ብላ ከቆመች ልጅ ጋር ታወራለች። ድምፅ የለም፣ አፍ ብቻ ነው፣ አልፎ አልፎ እጅ። ያችኛዋ አንድ ነገር ትላለች፣ ዘነበች ትስቃለች፣ ትመልስላታለች። ዞር ዞር ብዬ ሳይ አዳራሹ ሙሉ እንዲያው ነው። ወንድ የሴት አፍ፣ ሴት የወንድ አፍ ያያል፤ ማንም ማንንም ዓይን አውጣ አይልም። የፈረቃዋ አለቃ፣ ካቦው፣ አባቴን ሰላም ሊል መጣ። እጁን ጨበጠውና ከንፈሩ ላይ አፈጠጠ፤ ልክ ዘነበች እንደምታፈጥጠው። አባቴ ካቦውን አየ፣ ዘነበችን አየ፣ ገመዱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

ፈረቃዋ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አቧራው ደረት እንዳይጎዳ ተብሎ ለሠራተኛ የሚሰጥ ወተት ነበር፤ ያን ቀን ለእኛም ተሰጠን። እህቴ አብራት የምትኖረውን አሮጊት ሸማኝ፣ እትዬ አስካለችን አስተዋወቀችን። እኔ ወተቴን ስጨልጥ አባቴ ገመዱን ጭኑ ላይ አውጥቶ አኖረ። አንገቱን ደፍቶ፣ "ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ወደ ቤት ነን" አለ።

ዘነበች ወደ እሱ አልዞረችም። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር፤ አፌ ዙሪያ ባለው ወተት ትስቃለች። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ንቀት መሰለው።

እትዬ አስካለች ናት የገላገለችን። "አባባ፣ መሬት መሬት እያዩ ቢያናግሯት እንዴት ትስማዎ? ይቺ ልጅ በዓይኗ ነው የምትሰማው።"

"ጆሮዋስ?" አለ አባቴ።

"ጆሮማ እዚያ ውስጥ ቀረ። የሁላችንም።"

እናቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። አባቴ ገመዱን ጭኑ ላይ ገለባበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ለምን አልነገርሽንም አላት። ዘነበች ከንፈሩን አይታ፣ ደንቁሬ መጣሁ ልበላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። እንግዲያውማ ጨርሶ ሳይጠፋ ቤትሽ ግቢ አላት። አሁን ሳስበው ትክክል ነበር፤ እኔም አባት ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

እሷ ግን አልተነሣችም። "ቤት ብገባ የሄደው ጆሮ ይመለሳል?" አለች፣ እንደ ልማዷ እየጮኸች። "እዚህ ሁሉም እንደኔ ነው፤ ሰው ነኝ። እዚያ ደንቆሮዋ ነኝ። ደግሞ እማማ እንደነገረችኝ ልትሰጠኝ ያሰብከው ሰውዬ ጢሙ አፉን ሸፍኖታል። ምን እንዳዘዘኝ በምን ልወቅ?"

ግቢው ሁሉ ሰማ። እናቴን ወተቱ ትን አላት። እትዬ አስካለች በሻሿ አፏን ያዘች። አባቴ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ ትከሻው ግን ከዳው።

ከዚያ ያላሰብነውን አደረገ። በድር የሻከረውን እጁን አገጯ ሥር አድርጎ ቀና አደረጋት። "አፌን እይ" አላት። ዕድሜዋን ሙሉ አትዪኝ ያላትን ልጅ። ቀጥሎ ያለውን ድምፅ ሳያወጣ ተናገረ። መሀላቸው ተቀምጬ ምንም አልሰማሁም። እህቴ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ሻሿን ፈትታ ፊቷን ሸፈነች።

ፋብሪካው ለየቤተሰቡ ያደለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በዚያ ገመድ አስረን ያለ እሷ ተመለስን። አውቶቡሱ ውስጥ ምን አልካት ብዬ አባቴን ስጨቀጭቀው፣ ለእሷ ነው የነገርኳት አለኝ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፣ ጢማሙ ሰውዬ ሌላ አገባ፣ አባቴም እስኪሞት ከበር መልስ እንደተቀመጠ ቀረ። እሱ አላማረረም። እኔ አማርሬያለሁ፣ በእሱ ፋንታ። ከዚያ ወዲህ ግን ከጉድጓዱ ወጥቶ የትም የማይሄደው ሰው በየዓመቱ በዚያ ቀን ይነሣና ከተማ ይወርዳል፤ አንዳንዴ እኛን ይዞ፣ አንዳንዴ ብቻውን። በልጅ አእምሮዬ ለወተቱ ይመስለኝ ነበር።

ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል አሉ። ዘነበች ጡረታ ወጥታ እዚያው አጠገቡ ትኖራለች፤ ጆሮዋ ፈጽሞ ጠፍቷል። እሷ ማንበብ የተማረችው በፋብሪካው የማታ ትምህርት ነው። እኔ ጆሃንስበርግ መጥቼ ፊደል የቆጠርኩት ለጽድቅ አይደለም፤ ስልክ የማትሰማ እህት ስላለችኝ ነው። መልእክት ልጽፍላት ነው።

ያን የማስኩን ሽታ በሸተትኩ ቀን ማታ በቪዲዮ ደወለች። ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ምነው ከሳህ አለችኝ፤ መለስኩላት። ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና፣ "ኧረ ያን ጢምህን አንሣልኝ" ብላ ጮኸች። ማስኩን ወደ አገጬ አወረድኩ። ሳቅን። ከዚያ ያን ጊዜ መልስ ያላገኘሁበትን ጠየቅኋት፤ አባባ ያን ቀን ምን አለሽ?

ድምፅ አላወጣችም። ልክ እንደ እሱ በአፏ ብቻ ተናገረች። ሁለት ጊዜ አስደገምኳትና አነበብኩት።

"አንቺ አትምጪ፣ እኔ እመጣለሁ።"

በዚያ ጭቃ መንገድ፣ በዚያ አሮጌ አውቶቡስ አንድ ያልተማረ ሸማኔ ቃሉን ጠብቆ በየዓመቱ ይደርስ ነበር። ለእኔ ዓለም በእጄ ስልክ ውስጥ አለ። ሰማዩ ግን ያን ሰሞን አውሮፕላን አልነበረበትም፤ ቢኖርበትም እጄ ላይ ያለው የስደት ወረቀት ከወጣሁ የሚመልሰኝ አይደለም። ዘነበች ከንፈሬን እየጠበቀች ነው። "አንተስ?" አለችኝ።

መስኮቱ ተንኳኳ። "ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ አለ?" አለ አንዱ። ማስኩን መልሼ አፌ ላይ ሳብኩና እመጣለሁ አልኩ።

"ምን አልክ?" ትላለች እህቴ፣ ጨርቁ ላይ አፍጥጣ። "ምን አልክ?"