እልልታ ለልጄ

ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ ካለ ክሊኒክ የሄድኩት ያረገዝኩት ወንድ ይሁን ሴት ለማወቅ ብቻ ነበር። ሐኪሟ አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገችና «ሴት ናት» አለችኝ። ቀጥላም የላይኛው ከንፈሯ እንደተሰነጠቀ አሳየችኝ። ሌላው አካሏ ደህና ነው፤ ከንፈሯም ከተወለደች በኋላ በቀዶ ሕክምና ይሰፋል። እስከዚያ ግን ጡት መሳብ ሊያቅታት ይችላል።

ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ። ሰፈሬ ለሚ ኩራ ስወርድ ግን ንዴት ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል። የእኔን ልጅ አይቶ ዝም የሚል ሰው እንዲኖር አልፈልግም ነበር።

አብረውን ለሚኖሩት አማቴ ነገርኳቸው።

«ዝም በይ፤ ባልተወለደ ልጅ ላይ አታሟርቺ» አሉኝ። «ለሰውም እንዳትናገሪ። ጸበል እንሄዳለን፣ እግዜር ያስተካክለዋል።»

«እሺ እማዬ፣ እንሄዳለን። ለሰው ግን እናገራለሁ።»

ጸበሉንም ጠጣሁ፣ ጡጦውንም ፈለግኩ። ሐኪሟ የነገረችኝን፣ ጫን ሲሉት ወተት የሚለቀውን ለስላሳ ጡጦ ቦሌን አስሼ አገኘሁት። ሳይወለድ ዕቃ አይገዛም የሚሉትንም ትቼ ሾላ ገበያ ልብሷን ገዛሁ። ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩ። አንዷ «ምን ብትበድዪ ነው?» ስትለኝ፣ «ያንቺን ወሬ ስሰማ መዋሌ ይሆናላ» አልኳት። አማቴ ይህን ሲሰሙ አኮረፉኝ።

የወለድኩ ዕለት አዋላጇ ልጄን ፊቷን በፎጣ ከልላ አመጣቻት። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ።

«ግለጭልኝ፤ አውቃታለሁ» አልኳት።

ገለጠችው። ከንፈሯ ሐኪሟ እንዳሳየችኝ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን የአባቷ ናቸው፣ ያንን ማንም አልነገረኝም። አማቴ ገቡ። ጎንበስ ብለው አይዋት። እኔ የእሳቸውን አፍ ነበር የማየው።

እልል አሉ። ነርሷ «እማማ፣ ሆስፒታል እኮ ነው» አለቻቸው፤ ማን ሰምቷት። ለሴት ልጅ አጠር ይላል የሚባለውን እልልታ ለወንድ ከሚባለውም አስረዘሙት።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ጡጦውን ስጪኝ። አንቺ ሥራ ስትውዪ በውሃ ስለማመድ ነው የከረምኩት።»