ዳርሊስ የማትወጣበት ፒካፕ

ዳርሊስ ኮቫንዳ መኪና ውስጥ የምትገባበት የራሷ ዘዴ አላት። ጀርባዋን ለወንበሩ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ቀኝ እግሯን ታስገባለች፤ ከዚያ ግራውን፣ ዳሌው የተበላሸውን፣ ከጉልበቱ በታች በሁለት እጇ ይዛ እንደ ከረጢት አንስታ ታስከትለዋለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። አንድ ጊዜ እጁን ለእርዳታ የዘረጋላት ሰው ሁለተኛ አይዘረጋም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ ወንበሩ ከወገቧ ካልበለጠ ነው። ከበለጠ ዳርሊስ ውጭ ትቀራለች። የሰው ኑሮ በአንድ ወንበር ከፍታ ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችል እሷን እስካይ ድረስ አላውቅም ነበር።

እኛ ጋ፣ በኔብራስካ የአሸዋ ኮረብታዎች፣ ፒካፕ የሌለው ከብት አርቢ እግር እንደሌለው ነው የሚቆጠረው። ኮረብታዎቹ ሣር ለብሰው፣ እንደ ተኛ እንስሳ ጎን ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ እያሉ እስከ ሰማዩ ጫፍ ይሄዳሉ። ጎረቤት የሚባለው የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ ያለው ነው። ዳርሊስ ጠዋት ጠዋት ከተማ ወርዳ የትምህርት ቤቱን ምሳ ትሠራለች፤ ቺሊ የሚባለውን የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር በምታቀርብበት ቀን ልጅ የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሰበብ ፈጥረው በትምህርት ቤቱ በኩል ያልፋሉ። ከሰዓት ወደ ከብቶቿ ትመለሳለች። መከር ሲገባ ጥጆቹን በረጅሙ ተጎታች ጭና ወደ ጨረታው ትወስዳለች። የሚያስፈልጋት እንግዲህ በየቀኑ የሚነዳ፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ከባድ ጭነት የሚጎትት አንድ መኪና ነው።

ባሏ ኤልደን ሲሞት የከብቱና የመሬቱ እኩሌታ ለእሷ ቀረ። ሌላው እኩሌታ የዋርሳዋ፣ የኤልደን ወንድም የቨርሊን ነው። ሁለቱ አብረው ይሠራሉ እንጂ አይዋደዱም። ቨርሊን ድርሻዋን ሸጣለት ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይታ እንድትገባ ይፈልጋል፤ ይህንን ደግሞ ደብቆ አያውቅም። እሷ የምትፈልገው በገዛ ቤቷ ማርጀት ነው።

በነሐሴ የጋራው አሮጌ ፒካፕ ዳገት ላይ ካምቢዮው ተቃጠለ። ሌላ መግዛት ግድ ሆነ። ከጋራው ሂሳብ ስለሚገዛ ሁለቱም መስማማት ነበረባቸው፤ ስለዚህ አብረው ወደ ከተማ ወረዱ።

መኪና ሻጩ ኪፕ ይባላል። ሲያስነጥሰው እንኳ ፈገግ የሚል ሰው ነው። ቨርሊን ሰላምታውን ሳይመልስ በመኪኖቹ መሃል አልፎ አንድ ጥቁር ፒካፕ አጠገብ ቆመ። ናፍጣ ነው። ወንበሩ ቆዳ ነው፤ ጣሪያው ሰማይ የሚያሳይ መስታወት አለው። ቁመቱ ሆን ተብሎ ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ጎማዎቹ ከዳርሊስ ወገብ ይበልጣሉ።

«ይሄ ነው» አለ ቨርሊን።

«ወንበሩ ደረቴ ጋ ነው» አለች ዳርሊስ።

«ታዲያ ዝለያ!»

በሩ አጠገብ ቡና የያዙ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ኪፕም ሊስቅ ጀምሮ የዳርሊስን ዓይን ሲያይ ተወው።

«መወጣጫ እናስገጥምለታለን ወይዘሮ ኮቫንዳ። ለእርስዎ ብዬ...»

«አታስገጥምም!» አለ ቨርሊን። «መወጣጫ ጭቃ ከመሰብሰብ በስተቀር ሥራ የለውም። ደግሞ አንቺ ሴት፣ ስሚኝ፤ ፒካፕ ላይ መውጣት ያቃተው ሰው ከብት አያረባም። ለጤናሽ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

«ጤናዬ አሳስቦህ አያውቅም። የሚያሳስብህ መሬቴ ነው።»

ሰዎቹ ወደ ቡናቸው አቀረቀሩ። ዳርሊስ ወደ መኪኖቹ ሰልፍ መጨረሻ አንከስ እያለች ሄደች። እዚያ አንድ ነጭ ፒካፕ ቆሟል። መንገድ ሠሪዎች በጅምላ የሚገዙት ዓይነት ነው፤ ወለሉ ጎማ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ሞተሩ ቤንዚን። ሲያዩት ዱቄት የተነሰነሰበት በሬ ይመስላል።

«ይሄስ?» አለች።

ቨርሊን ከት ብሎ ሳቀ። «ቤንዚን? እሱ የግቢ ሣር ማጨጃ ሞተር ነው! ናፍጣው ቤትሽን ከነመሠረቱ ይጎትትልሻል።»

«ይጎትታል። ጀርባው ግን ምን ይሸከማል? የተጎታቹ አንገት የሚያርፈው ጀርባው ላይ ነው። ያ ሁሉ የሞተር ክብደት፣ ያ ቆዳ፣ ያ መስታወት ከሚሸከመው ላይ ነው የሚቀነሰው። ለነገሩ አንተ ሞተር ሲያጓራ እንጂ ባሌስትራ ሲጮኽ ሰምተህ አታውቅም።»

«ኤልደን ያስተማረሽን አትድገሚብኝ።»

«ኤልደን ነው ከእኔ የተማረው።»

እኛ ጋ ፒካፕ በወሬ አይገዛም። የራስህን ተጎታች ታያይዛለህ፣ የራስህን ከብት ትጭናለህ፣ እስከ ወንዙ ቁልቁለት ወርደህ ትመለሳለህ። ሻጩም አብሮህ ይሄዳል። በማግስቱ ኪፕ ጥቁሩን ፒካፕ፣ በተወለወለ ጫማ፣ ወደ ኮቫንዳዎች ግቢ ይዞ መጣ።

ቨርሊን ኮርማዎቹን ወደ ተጎታቹ የፊት ክፍል መንዳት ጀመረ።

«መሃል ላይ አድርጋቸው» አለች ዳርሊስ። «አለዚያ ክብደቱ ሁሉ አንገቱ ላይ ነው የሚወድቀው።»

«ሌላስ ምን ታዣለሽ?» አለና ኮርማዎቹን እፊት ዘጋባቸው። የፒካፑ ጀርባ ቁጭ አለ። አፍንጫው ሽቅብ ተነሣ። ቨርሊን ጀርባውን ሳያይ አልፎ መሪውን ያዘ።

እዚህ አገር የግጦሽ አጥር በር የሚከፍተው በሾፌሩ ቀኝ የተቀመጠ ሰው ነው። የትም አልተጻፈም፤ ግን ቄሱም ቢሆኑ በስተቀኝ ከተቀመጡ ወርደው ይከፍታሉ። ኪፕ በስተቀኝ ሊገባ ሲል ቨርሊን መለሰው።

«አንተ እንግዳ ነህ። ኋላ ግባ።»

የቀኙ ወንበር ለዳርሊስ ቀረ፤ ገመድ የታሰረበት የመኖ ባልዲ አመጣች። ገልብጣ ረገጠችው፤ የበሩን እጀታ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ባልዲውን በገመድ ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በመጀመሪያው በር ወረደች፣ ከፈተች፣ መኪናው አለፈ፣ ዘጋች፣ ባልዲዋን ገለበጠች፣ ወጣች። ቨርሊን አላያትም፤ በጣቶቹ መሪውን ይደበድባል። በሁለተኛው በር ካለፈ በኋላ ራቅ ብሎ ቆመ። በመጨረሻው ደግሞ ይበልጥ ራቀ። ዳርሊስ ባልዲዋን አንጠልጥላ በአሸዋው ላይ እያነከሰች መጣች። ኪፕ ከኋላ ወንበር ሆኖ ወደ ጫማው ይመለከታል። አንድ መኪና ምንም ሳይገጭ ሰውን እንዲህ ሊጎዳ መቻሉ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ስትገባ ላብ አጥምቋታል።

«ደከመሽ?» አለ ቨርሊን።

«ንዳ።»

ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ኮፈኑ ሽቅብ ስለተነሣ ከመንገዱ ይልቅ ሰማዩ ነበር የሚታየው። ቨርሊን አንገቱን አስግጎ መሪውን ወደ ግራ አዞረ፤ መሪው ከመንገዱ ጋር እንዳልተገናኘ ነገር ቀለለው። ፊተኞቹ ጎማዎች መሬቱን በቅጡ አልያዙትም። ከኋላ ከብቱና ብረቱ ይገፋል። ድልድዩ አጠገብ ያለው መታጠፊያ መጣ፤ ፒካፑ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ከመንገዱ ወጣ፣ ሣሩን አርሶ፣ ከወንዙ ዳር ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ተጎታቹ ውስጥ ኮርማዎቹ ብረቱን ይረግጣሉ።

«አምላኬ!» አለ ኪፕ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታ የሌለበት ፊቱ ታየ እያሉ በኋላ ሰዎች ቀለዱበት።

«ነፋስ ነው» አለ ቨርሊን።

ውጭ ከሣሩ አንዲት ሰበዝ አልተነቃነቀችም። ወንዙ እንኳ የፈሰሰ አይመስልም ነበር።

«ነፋስ ነው?» አለች ዳርሊስ።

«ነፋስ ነው አልኩሽ!»

«እንግዲያው ስንመለስ በሩን ነፋሱ ይክፈትልህ።»

እንዳለችውም አደረገች። በመልሱ መንገድ በየበሩ መኪናው ሲቆም ወደ ፊት እያየች ባልዲዋን አቅፋ ተቀመጠች። ቨርሊን ጡሩምባ ነፋ። አልተንቀሳቀሰችም። በመጨረሻ ኪፕ ወርዶ እበቱን በተወለወለ ጫማው እየረገጠ ከፈተ፣ ዘጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ ጥቁሩን ይተወው ነበር። ቨርሊን ግን በራሱ ገንዘብ ገዛው። ተሳስቻለሁ ከማለት ወንዝ ውስጥ መግባት ይቀለዋል። ገዝቶም በእሷ ደጃፍ አቆመውና ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ተናገረ።

«የእኔ ፒካፕ የአንቺን ጥጆች አይጎትትም። ጨረታው እየደረሰ ነው። ሲጨንቅሽ ዋጋ ንገሪኝ።»

«ጠብቅ» አለችው።

ዳርሊስ ከልጅነታቸው ያሳደገቻቸውን የኮርቻ ፈረሶች ሸጠች። መኪና ላይ ሲጫኑ ግንባራቸውን ዳሰሰች፤ ለገዢው የትኛውን ፈረስ ልጓም እንደሚጎረብጠው ነገረችና ቤት ገባች። በማግስቱ ኪፕ ዘንድ ሄዳ ለነጩ ፒካፕ ወንበር ጀርባዋን ሰጠች። ወንበሩ ወገቧ ላይ ደረሰ። ተቀመጠች፤ ቀኝ እግሯን አስገባች፤ ግራውን አንስታ አስከተለች። ፈገግ አላለችም።

«ሌላ ቀለምም ማዘዝ ይቻላል» አለ ኪፕ።

«የተጎታቹን ፍሬን የሚቆጣጠረውን መሣሪያ ከመሪው ሥር አስገጥምልኝ። ቀለሙን ተወው።»

ጥጆቿን በሁለት ምልልስ፣ በየጊዜው ቀነስ አድርጋ ጭና፣ ቁልቁለቱን በዝግታ ወርዳ ለጨረታው አደረሰች። ቨርሊን ያንን ሲያይ ሁሉም ይከፋፈል አለ። ከብቱን በጥቅምት ብርድ ተከፋፈሉ። እሱ አንድ ላም ይጠራል፣ እሷ አንድ ትጠራለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል በመካከላቸው አልነበረም። መሬቱንም ቀያሽ አምጥተው ለሁለት ከፈሉት። ቤቷ በእሷ በኩል ቀረ።

በኅዳር ቨርሊን ድንበሩ ላይ አጥር መትከል ጀመረ። ዳርሊስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነጩን ፒካፕ አቆመችና መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ከጥቁሩ ፒካፕ ላይ ቀጫጭን የጥድ ግንዶች እያወረደ ነበር።

«አሁንም አትሸጪም?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«አልሸጥም።»

«አንድ የበረዶ ክረምት ብቻሽን ትሞክሪያለሽ። ከዚያ ትመጫለሽ። አጥሩንም እነቅለዋለሁ።»

ዳርሊስ ግንዶቹን አየቻቸው።

«እነዚህ ቶሎ ይበሰብሳሉ» አለች። «ወፍራም ምረጥ።»

መስኮቱን ዘግታ ወደ ቤቷ ነዳች።