ከሞተሩ ኋላ ያለው ቦታ

ሞተር ላይ የሚመረጠው ቦታ የነጂው ነው ይላሉ። አይደለም። ነጂው የሚያየው ጉድጓድ፣ ፍየልና ባጃጅ ብቻ ነው። አገር የሚያየው ከኋላ የተቀመጠው ነው። መሪ አልያዘ፣ ፍሬን አልያዘ፤ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ የዞብልን ተራራ እንደ ባለርስት ይቃኛል። ስለ ጉዞ የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ። የጻፉት ሁሉ ወይ ነጂዎች ናቸው ወይ እግረኞች። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የጻፈው እስካሁን አላጋጠመኝም። እየተመቸው ምን ብሎ ይጻፍ?

ቆቦ ውስጥ ያ ቦታ የእኔ ነበር። ሞተሩ የጓደኛዬ ነው፤ የእህል መጋዘን ያለው፣ አብረን አድገን አብረን የሸበትን ሙስሊም ሰው። በየዓመቱ ማሽላው እሸት ሲይዝ አንድ ቅዳሜ እንመርጥና፣ አስፋልቱን ለከባድ መኪና ትተን፣ በእርሻ መሃል ባለው የጠጠር መንገድ በሮቢት በኩል ጎብዬ ደርሰን እንመለሳለን። ቅዳሜ የሆነው አርብ ለእሱ ጁምዓ፣ ለእኔ ጾም ስለሆነ፣ እሑድ ደግሞ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስለምውል ነው። እሱ ይነዳል፣ እኔ አቅዳለሁ። የት እንደምንቆም፣ ምን እንደምንበላ፣ በየትኛው ሰዓት የትኛው ዛፍ ጥላ እንዳለው የማውቀው እኔ ነኝ። መንገዱ በተዘጋባቸው ዓመታት እንኳ ከመጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጠን ጉዞውን በአፋችን ሄደነዋል። እኔ «ይኸው ሮቢት ደረስን» ስል እሱ «ቀስ፣ ግመል እየተሻገረ ነው» ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ቤቴ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ፈገግ ማለቱን አልወደድኩትም።

«ጉዞዋን አቅዳት እስቲ» አለኝ።

«መቼ እንሂድ?»

«የፊታችን ቅዳሜ። ግን እኔና አንተ አይደለንም። አማቼን ነው የምወስደው። አገሩን አላየም።»

አማቹ ሴት ልጁን በቅርቡ ያገባ የደሴ ወጣት ነው። ረጅም ነው፣ ትሑት ነው፣ በጓደኛዬ ቀልድ ሁሉ ይስቃል። እነዚያን ቀልዶች ከጉርምስናችን ጀምሮ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በእነሱ ከልቡ የሚስቅ ሰው አላምንም።

የበለጠ ያቃጠለኝ ግን ሥጋው ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ ያድጋል፣ አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ይቀብራል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ቢላዋው ሁለት ነው። ሠርግ ሲሆን ለጎረቤት በጎረቤት እጅ ለብቻው ይታረድለታል፤ ማንም ቅር አይለውም። እኔም ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ጓደኛዬና ያ ልጅ ከአንድ ትሪ የፍየል ጥብስ ሲጎራረሱ ታየኝ። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ከእሱ ጋር አንዲት ቁራጭ አልቆረስኩም። ልጁ ትናንት መጥቶ ሊቆርስ ነው።

ሚስቴ ፊቴን አይታ፣ «እኔ እናቴ ጋ ስሄድ መቼ እንደምመለስ እንኳ አትጠይቀኝም። ለሞተር ግን ትቀናለህ» አለችኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ጉዞዋን ሌላ ሰው ሲያበላሻት ከማይ ራሴ ባቅዳት ይሻላል አልኩ። ጠዋት ሮቢት፣ ቅቤ የበዛበት ሽሮ። ከዚያ ወደ ጎብዬ ሲሄዱ ከአንድ ማሳ ዳር ወርዶ፣ እሳት ላይ የተለበለበ የማሽላ እሸት፣ በእጅ እየታሸ። ቀትር ላይ ጎብዬ፣ ከገበያው ጀርባ ያሉት እናት ቤት እርጎ በዳቦ። መልስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፤ ያኔ ዞብል በቀኝ በኩል ይቀላል። ቤንዚን በሃይላንድ ይዞ መሄድ፤ መንገድ ላይ ይገኛል ብሎ አለማመን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ፤ ደግሞ አስደገመኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በደጄ አለፉ። የልጁ ጉልበት እንደ ፌንጣ ግራና ቀኝ ወጥቷል። እጁን ጭኑ ላይ አልጣለም፤ ስልክ ይዞ ይቀርጻል። ቦታውን አላወቀበትም። ቢሆንም እጁን አውለበለበልኝ፤ እኔም የግዴን አውለበለብኩ። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ያነበብኩት ግን ሰዓቴን ነው። አሁን እሸት እያሹ ነው። አሁን እርጎው ቀርቧል። አሁን ዞብል ቀልቷል፤ ልጁም በስልኩ ውስጥ እያየው ነው።

ሊመሽ ሲል ጓደኛዬ አቧራውን ሳያራግፍ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልንህ?»

«ምን ሆናችሁ?»

«ስንጾም ዋልን እኮ! ሮቢት ሽሮ፣ ማሳ ዳር እሸት፣ ጎብዬ እርጎ። ልጁ ፍየል ፍየል እያለ! የእኛ ሰው ጥብስ ቤት ሽታው እየጠራን ዘልለን አለፍን።»

«ታዲያ ለምን አልቆማችሁም?»

«ያንተ እቅድ ውስጥ የለማ! ጉዞዋ እንዳትበላሽ ብዬ።»

ተንኮል መስሎት እንደሆነ ፊቱን አየሁት። አልመሰለውም። እኔም ማርያምን፣ ተንኮል አላሰብኩም፤ ባስበው ኖሮ ከዚህ የተሻለ አደርገው ነበር። ያቀድኩት እንደ ልማዴ ነው። ሁለታችን ከአንድ ትሪ ልንበላ የምንችለውን ብቻ እየለቀምኩ ስኖር ሥጋ ከመንገዱ ላይ ጠፍቷል። ሁለት ሙስሊሞችን ከአንድ ክርስቲያን ጋር እንደሚሄዱ አድርጌ ልኬአቸዋለሁ።

«አብረን ሥጋ በልተን እንደማናውቅ ልብ ብለህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ወላሂ፣ ዛሬ ልጁ ሲጠይቀኝ ነው ልብ ያልኩት።» ከዚያ ሳቀ። «የእርጎዋ እናት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ያን ወሬኛ የት ጣልኸው? ሞተ እንዴ?›»

«ምን አልካቸው?»

«ታሟል አልኳቸው።»

«መታመሜን በምን አወቅህ?»

አቧራውን ደጄ ላይ አራግፎ ሄደ። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ሳልጠራው ደጄ ላይ ጡሩንባ ነፋ። ስወጣ ከኋላው ቦታ ላይ አዲስ ወፍራም ስፖንጅ ታስሯል። ልጁ ወገቡን ስላመመው ገዝቶ ያሰረው ነው። ተቀመጥኩበት፤ ይመቻል። መመቸቱ አናደደኝ። እሱ ግን እየነዳ፣ ከነፋሱ በላይ እየጮኸ፣ «ልጁ ለከርሞ እኔ ላቅድ ብሏል! በጥብስ ቤቶቹ በኩል!» አለኝ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ ጥዬ ዞብልን አየሁ።

ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ ሰው፦ ቆቦ መጥተህ ከእህል መጋዘን ደጃፍ ስፖንጅ የታሰረበት ቀይ ሞተር ብታይ፣ ባለቤቱም «ና ውጣ፣ አገር ላሳይህ» ቢልህ አትውጣ። ለሁሉም ሰው እንዲህ ይላል። በባጃጅ ሂድ።