ዶክተር አስካለን «በሽታው ተጋብቶባቸው ነው» ለምትሉ

ለመሐል ሜዳ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪ፣ ለወዳጅ ዘመድ፣ ለምቀኛም ጭምር፦ ከባድ የሐዘን ዜና በታላቅ ድንጋጤ አቀርባለሁ።

አውቃለሁ፣ ማንም አያምነኝም። ባለፈው ሰሞን «የገበያችን ትልቁ በግ አረፈ» ብዬ ለጥፌ ግማሹ ከተማ ሳያነብ «ነፍስ ይማር» ብሎልኛል። ዛሬ ግን ቀልድ የለም። ዶክተር አስካለ አርፈዋል።

እኔም አላመንኩም። ጓደኛዬ ታዴ ጠዋት ደውሎ ሲነግረኝ «በእኔ ቀልድ እኔኑ ልትይዘኝ?» ብዬ ስቄ ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ። አልሳቀም። ልባቸው ነው አሉ፣ በድንገት።

ማልቀሱን ለብቻዬ አለቅሳለሁ። ይሄን የምጽፈው ከታዴ ፖስት ሥር አንዱ «ከሚጥላቸው ሰዎች ጋር ሲውሉ ተጋብቶባቸው ይሆናል» ስላለ ነው። ስድስት ሰው ላይክ አድርጎለታል። ስድስታችሁንም አውቃችኋለሁ።

ስሙኝ። የሚጥል በሽታ አይጋባም። ቢጋባማ ኖሮ በማን እንደምጀምር ዝርዝሩ ኪሴ ውስጥ አለ።

ለማታውቋቸው፣ መርፌ የማይወጉ ዶክተር ነበሩ። ሥራቸው እንደኔ የሚጥለው ሰው እንዴት እንደሚያስብ፣ ምን ያህል እንደሚያስታውስ፣ ኑሮው ምን እንደሚመስል ማጥናት ነው። ከደብረ ብርሃን እየተመላለሱ ጤና ጣቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ይቀመጣሉ። ከደብረ ብርሃን መጥተው እንኳ የኛን ብርድ አልቻሉትም፤ የበግ ጠጉር ባና ተከናንበው ነው የሚውሉት። መጀመሪያ ሳያቸው ታካሚ መስለውኝ «እማማ፣ ተራ ይያዙ» ብያቸዋለሁ።

ያኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስማር ጠዋት ክፍል ውስጥ እወድቅ፣ ከሰዓት ዴስክ ላይ እተኛ ነበር፤ በጾም ጊዜማ አይጣል ነው። ርዕሰ መምህሩ አባቴን ጠርተው «አእምሮው ደክሟል፣ ባይለፋ ይሻላል» አሏቸው። አባቴ አመኑ። እኔም አመንኩ። ቀልድ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ደደብ ከሚሉኝ ቀልደኛ ይበሉኝ ብዬ።

«ኑሮህ ላይ በጣም የሚያስቸግርህ ምንድን ነው? መውደቁ?» ብለው ዶክተር ጠየቁኝ።

«መውደቁንማ መች አየዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ክብሪቱ ነው።»

በወደቅኩ ቁጥር አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫዬን ያጥነኛል። «ጢም ማብቀል አልቻልኩም፣ ዶክተር!»

ይስቃሉ ስል ወደምትጽፍላቸው ልጅ ዞረው «ይጻፍ» አሉ።

«ኧረ ቀልዴን ነው!»

«ቀልድህም ይጻፍ።»

ቃላቸው ይቺው ነበረች። አንዷ እናት «ለልጄ በሠርግ ቤት ለብቻዋ ኩባያ ይሰጧታል» ስትል፣ «ይጻፍ»። እኛ የምንለውን ከዚያ በፊት ማንም ጽፎት አያውቅም።

ከዚያ አሥር ቃል አንብበው ድገም አሉኝ። ሦስት አስታወስኩ። ሰባቱን ከራሴ ሞላሁ።

«ሽሮ አላልኩም» አሉኝ።

«ሊሉ ነበር፤ ፊትዎ ያስታውቃል።»

አልሳቁም። ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። «ክኒንህን መቼ ዋጥክ?»

«አሁን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የጠዋቷንም የማታዋንም አንድ ላይ።»

«ለምን?»

«ጾም ነዋ! ክኒን በውሃ ነው የሚዋጠው። ጠዋት ከዋጥኩ ገደፍኩ ማለት ነው።»

እዚህ ላይ «ይጻፍ» ማለቱንም ረሱ። ነርሱን ጠርተው አነጋገሩ፤ ጠዋት የሚጥለኝ ክኒኗ ስለቀረች፣ ከሰዓት የሚያደነዝዘኝ ሁለት ስለደራረብኩ ነው አሉ። ከዚያ ከነባናቸው ተነሥተው ከኔ ጋር ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄዱ። አባ ሰምተው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ መድኃኒት ጾም ያስገድፋል ያለህ ማነው?»

«ማንም። እኔው አስቤ ነው።»

«አንተ ማሰቡን ተወው! በታመመ ላይ ቤተ ክርስቲያን መቼ ጨክና ታውቃለች? በጠዋት ዋጥ፣ ፈቅጃለሁ።»

«አባ» አሉ ዶክተር ቀስ ብለው፣ «መዋጡን ይዋጥ። ማሰቡን ግን አይተወው።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ አሥር ቃል አነበቡልኝ። ዘጠኝ መለስኩ። አሥረኛዋንም አውቃታለሁ፤ እንዲናደዱ ነው የደበቅኳት። ውጤቴ የተጻፈባትን ወረቀት ይዘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ፣ ሲወጡ «ሰኞ ትገባለህ» አሉኝ። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። የክፍሌ ልጆች «ጋሼ» ይሉኛል፣ አይከፋኝም።

እናም ስድስታችሁ፦ አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ደጃፍ ወደቅኩ። እናንተ ከሩቅ ስታዩ፣ ዶክተር ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አድርገው አረፋዬን በነጠላቸው ጠረጉ። ታዴ ነው የነገረኝ። «ክብሪት የያዘ ወደዚህ እንዳይጠጋ!» ብለው ጮኸው ነበር አለ። ከዚያ በኋላ እሳቸው አንድም ቀን ሲወድቁ ያየ አለ? ካለ ስሙን ይጻፍልኝ።

ነገ ቀብራቸው ላይ እገኛለሁ። ሳጥናቸውን ከሚሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ቢጥለኝም እነሣና እንደገና እሸከማለሁ። የፈራ ራቅ ብሎ ይቁም።

ዶክተር፣ እዚህ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው፣ ነገሩ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። በሽታውን አላጠፉልኝም፤ አሁንም አልፎ አልፎ ይጥለኛል። የአንድ ልጅ አንዲት ክኒን ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ጠዋት አመጡ፣ ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ናት። እኔ ነኝ አጋንኜ ከተማውን ያሸበርኩት።

በሉ ደኅና ይሁኑ፣ ዶክተር። የዛሬዋን በጠዋት ውጫለሁ።